ጋሼ ሳህሉ የመረጡት ሰውዬ

ጋሼ ሳህሉ ከሥራ ያስወጣቸውን ሰውዬ ፎቶ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ለምንድን ነው? ማዕዶት ይህን ጥያቄ ተውሳ እንዳልመለሰችው መጽሐፍ ከደብረ ብርሃን እስከ ኦስሎ ይዛው ዞራለች። ልጅ ሳለች ጠይቃ አታውቅም። የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት ሰው፣ «ለምን?» ተብለው የሚጠየቁ ሰው አልነበሩም፤ ቁጡ ሆነው ሳይሆን ዝምታቸው በር ስላለው ነው፣ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃውገንስቱዋ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከኤልዳና ጋር በተጋራችው ቤት፣ ከምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ጠዋት ገብታ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ተኝታለች፤ ተኝታለች ይባላል እንጂ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጠገቧም አልደረሰ። የግንቦት ፀሐይ እዚህ አገር መጋረጃ አያውቅም፣ በጎን ይገባል፣ በሥር ይገባል፣ ታች ደግሞ የሕንፃው ጠባቂ ሣር ማጨጃውን አስነስቶ ግቢውን ይዞራል፣ ሄደ ስትል ይመለሳል፣ ሐሳቧም እንደዚያው ነው፣ ጨረስኩት ስትል ዞሮ ከመስኮቱ ሥር ይደርሳል፦ ዓርብ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፏ ይገባል፣ አንድ ቃል ቀርቶታል፣ ያን ቃል ከጻፈችው እዚህ አገር ትቀራለች፣ ካልጻፈችው ምናልባት አትቀርም፣ ቃሉ ግን ያሳደጋትን ሰው የሚነካ ነው።

ፎቶው ከመጽሔት ሽፋን የተቆረጠ ነበር። ጸጉሩ በቅባት የተኛ፣ ጉንጩ ቀላ ያለ፣ ፈገግታው ካየኸው ቦታ ሁሉ አንተን የሚያይ፣ የፊልም ተዋናይ ነበር ቢሉህ የማትጠራጠረው ሰውዬ። ጋሼ ከአሜሪካ የተመለሱት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ምን አመጡ ብሎ ሻንጣ ሻንጣቸውን ሲያይ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ አወጡ፣ ከመጽሐፉም መሐል ይህን ፎቶ። ከዚያ ገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ተከራይተው መጽሐፍ ማከራየት ጀመሩ፣ ከመደርደሪያው በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በስተግራ ሮናልድ ሬገን። መጽሐፍ ሊከራይ የመጣ ሰው ሳይጠይቅ አይወጣም፣ «ጋሼ፣ ይኼ ፈረንጅ ዘመድዎ ነው?» ይላል አንዱ፣ ጋሼም የመጽሐፉን አቧራ በክንዳቸው እየጠረጉ፣ «የለም፣ ከሥራ ያስወጣኝ ሰውዬ ነው» ይላሉ፣ ሰውየው ይስቃል፣ እሳቸው አይስቁም። ከዚህ ሳቅ ስም ወጣ፤ ጋሼ ሳህሉ «ሬገን» ሆኑ፣ ኪዮስኩ «ሬገን ቤት»፣ እሷም የሬገን ልጅ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ ከኋላዋ፣ «የሬገን ልጅ፣ ዶላር አቀብይን እንጂ» ይሏታል፣ እሷ አንገቷን ሰብራ መሬት ታያለች፣ እንግዲህ ያኔ ነው ዓይን ማየት የተወችው፣ መጽሐፍ ደግሞ ዓይን የለውም፣ አቀርቅረህ ብታነበው አይቀየምም፣ ኪዮስኩ ውስጥ ጥግ ይዛ ስታነብ ሰፈሩ ሁሉ ይረሳታል፣ ጋሼም ሊዘጉ ሲሉ፣ «አንቺም ተከራይ ነሽ፣ ነገ ትመለሻለሽ» ብለው በእጃቸው ፀጉሯን ነካ አድርገው ያስወጧታል።

ታሪካቸውን በቁርጥራጭ ነው የሰማችው፣ ከእናቷ ትንሽ፣ ከለቅሶ ቤት ወሬ ትንሽ። ታናሽ ወንድማቸው ወንድይራድ በቀይ ሽብር ተገደለ፣ አስከሬኑ ላይ እንዳይለቀስ ተከለከለ፤ ጋሼ በዚያው ሳምንት በእግራቸው ወጥተው ገዳሪፍ ገቡ፣ እንደ ፈረንጆቹ በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ደግሞ አንድ ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆኗቸው ኦሃዮ ውስጥ በሐይቅ ዳር ካለች የፋብሪካ ከተማ ደረሱ። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሰጣቸው። ደመወዙ የሚመጣው ከዋሽንግተን ነበር፤ መንግሥት ሥራ ያጡ ሰዎችን በከተማና በትምህርት ቤት እያስቀጠረ የሚከፍልበት ፕሮግራም ነበርና። ቀን ቀን መጽሐፍ ይደረድራሉ፣ አመሻሽ ላይ ከላኦስ ለመጡ እናቶች እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ራሳቸውም ገና በወጉ ያልያዙትን እንግሊዝኛ። ከዚያ አዲሱ ፕሬዚዳንት መጣ፤ መንግሥት የችግር መድኃኒት ሳይሆን ራሱ ችግሩ ነው የሚል፣ ግብር እቀንሳለሁ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ሁሉ እቆርጣለሁ የሚል፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ቢያቆሙ በሺህ የሚቆጠሩትን በአንድ ጊዜ ያሰናበተ ሰው። ሰውየው ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ዓመት ፕሮግራሙ ተዘጋ፣ ጋሼም ወጡ። የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆኑ። ዜግነት ባገኙበት ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ምርጫ ሆነ፣ ጋሼ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሊሰጡ ሄዱ፣ ሄደውም ያንኑ ሰውዬ መረጡት። ይህችን የመጨረሻዋን እናቷ ነች የነገረቻት፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «የኛ ነገር» ብላ፣ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳትጨምር።

ማዕዶት ብሊንደርን ካለው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የገባችው የታሪክ ተማሪ ሆና ነው። ርዕስ ምረጪ ሲሏት ሌሎቹ የአገራቸውን ታሪክ መረጡ፣ እሷ አሜሪካን መረጠች፣ የሰማንያዎቹን አሜሪካ፣ ወግ አጥባቂዎቹ ሥልጣን የያዙበትን ዘመንና በኢኮኖሚው ላይ ያደረጉትን፤ የመምሪያው ሰዎች ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ እሷም አልነገረቻቸው። ለራሷ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን በቃሉ ስትስቅ ኖራለች። ወግ አጥባቂ። ማጥበቅ ማለት ብሎን ማጥበቅ ከሆነ ሰውየው ያገኘውን ብሎን ሁሉ ሲያላላ ነው የኖረ፣ የባንኩን አላላ፣ የአየር መንገዱን ቀድመውት የጀመሩትን ጨረሰ፣ የግብሩን አላላ፣ ያጠበቀው የድሃውን ቀበቶ ብቻ ነው፣ ብላ አንድ ጊዜ ማስታወሻዋ ጠርዝ ላይ በአማርኛ ጽፋ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ሊጻፍ የማይችል ቀልድ፣ በዚህ አገር ከእሷ በቀር የሚስቅለት የሌለ። ሦስት ዓመት አነበበች። ምርጫ ጣቢያ በራፍ ላይ የተጠየቁ ሰዎች መልስ፣ የሠራተኞች ማኅበር ጋዜጣ፣ ፋብሪካቸው የተዘጋባቸው ሰዎች በአዛውንትነታቸው ለታሪክ ሰዎች የተናገሩት፣ ሁሉን አነበበች፣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ እጇ ብቻውን ሄደና አንድ አንቀጽ ጻፈ፦ በመንግሥት ፕሮግራም ተቀጥሮ፣ ፕሮግራሙ ተዘግቶበት ከሥራ ወጥቶ፣ የዘጋበትን ሰው የመረጠ አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ። ስም የለውም። ምክንያትም አልጻፈችለትም፣ ምክንያቱን አታውቀውማ።

ሲግሪድ ያን አንቀጽ ወደዱት። ሲግሪድ አማካሪዋ ናቸው፣ ፕሮፌሰር፣ ጸጉራቸውን አጭር ተቆርጠው በብስክሌት የሚመጡ፤ እዚህ ሁሉም «ሲግሪድ» ይላቸዋል፣ ጽዳት ሠራተኛውም ጭምር፣ ማዕዶት ግን በአፏ ሲግሪድ ትላለች እንጂ በልቧ አንድም ቀን አንቺ ብላቸው አታውቅም፣ በአማርኛ የምታስባቸው በእሳቸው ነው፣ እርስዎ ለሚባል ሰው ደግሞ ተሳስተዋል አይባልም፣ ቋንቋው ራሱ ወገብህን ጎንበስ ያደርገዋል። ባለፈው ሳምንት ረቂቁን ዘርግተው፣ «ይህ ሰው የጽሑፍሽ ልብ ነው» አሏት። «ግን ትፈሪያለሽ። ምን እንደሆነ አትዪም። ይህ ሰው ተታሏል፣ ማዕዶት። ራሱን የሚጎዳውን ሰው በገዛ እጁ የመረጠ ሰው ምን ይባላል? ተታለለ በይ። ጻፊው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት፤ በመኸር የሚጀመር የዶክትሬት ጥናት አለ፣ የዚያን ዘመን መራጮች የሚመረምር፣ አንድ ቦታ አለ፣ የሚያጩት እሷን ነው፣ ምዕራፉ አቋም ካለው። ቦታው ደመወዝ አለው፣ የመኖሪያ ፈቃድም በዚያው ይታደሳል፤ ከሌለ ግን የተማሪነት ፈቃዷ በነሐሴ ያበቃል። ማዕዶት አመሰግናለሁ አለች። ከሲግሪድ ቢሮ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማ፣ ምን ብዬ ነው ያመሰገንኩት ብላ ራሷን ጠየቀች፣ ከዚያ ወዲህ እነሆ ቀንም ሌሊትም አንድ ቃል ታኝካለች፣ ተታለለ፣ ተታለሉ፣ ጋሼ ከሆኑ ደግሞ ተታለሉ ነው የሚባለው፣ በአክብሮት ማዋረድ ይሉሃል ይኼ ነው።

የውጪው በር ተከፈተ። ኤልዳና ናት፣ በአሥር ዓመቷ ከእናቷ ጋር መጥታ እዚሁ ያደገች፣ መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራ፣ ግሮንላንድ ከሚባለው የከተማው ገበያ ሰፈር የተሸከመችውን ፌስታል መሬት ላይ ዘጭ አደረገችው፣ ሽሮውና በርበሬው ሽታቸው ቀድሟት ገባ። በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ አየቻት።

«አልተኛሽም?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ኔይ፣ አልተኛሽም። ዓይንሽን በመስተዋት እዪው፣ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል። ዛሬም ቃሉ ነው?»

«ቃሉ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቃል እኮ ነው። ጻፊውና ሁላችንንም ገላግይን። ቦታውን ያዢ፣ ከዚያ ዶክተር ስትሆኚ የፈለግሽውን ቃል ትቀይሪያለሽ፣ ማን ይጠይቅሻል።» ኤልዳና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «ስሙ የለበት፣ ፎቶው የለበት። ያን ወረቀት የሚያነበው ማን ነው? አንቺ፣ ሲግሪድ፣ ሌላ አንድ ሽማግሌ። አጎትሽ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አዎ፣ አንቺ።» ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች። «እሺ፣ ግን እውነት እኮ ሊሆን ይችላል። ተታሎ ቢሆንስ?»

ማዕዶት ጣሪያውን አየች። ተታሎ። ይህች ልጅ ጋሼን አንተ ትላቸዋለች፣ ክፋት የላትም፣ እዚህ ያደገ ሁሉ እንደዚያ ነው። «ቢሆንስ» ትላለች በሐሳቧ፣ «ቢሆን ምን አለበት፣ ተታልለው ከሆነ እጽፈዋለሁ፣ ታሪክ ዘመድ የለውም»፣ ግን ይህን ባለች ቁጥር ያቺ የመጽሐፍ ኪዮስክ ትመጣባታለች፣ ጋሼ ለአንድ ባላገር አንድ ልብ ወለድ ከማከራየታቸው በፊት ቁጭ ብለው ሲከራከሩት፣ ይኼን ለምን መረጥከው፣ ያኛውን ለምን ተውከው፣ ሰውየው ግራ ገብቶት፣ «ጋሼ፣ ዝም ብዬ ነው» ሲል፣ «ዝም ብሎ የሚመርጥ በግ ነው፣ በጉም ሣር ይመርጣል» ሲሉት። እንዲህ ያለ ሰው በፈገግታ ይታለላል? ድምፁን የሚያህል ነገር ሳይመዝን ይሰጣል?

«ለምን ራሱን አትጠይቂውም?» አለች ኤልዳና።

«እንዴት ብዬ?»

«ደውለሽ ነዋ። ስልክ የሚባል ነገር አለ። በየእሁዱ ትደውዪለት የለ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በቃ፣ ቻው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ነው የምሰማው፣ በግድግዳ።» ተነስታ ፌስታሏን አነሳች። «እኔ ሽሮ ልሠራ ነው። አንቺ ደውዪ።»

ደወለች። መጀመሪያ ስልኩን ይዛ ረጅም ጊዜ ተቀምጣለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የደወለችው እሁድ እሁድ ስለሆነ በሥራ ቀን ስልክ ሲጠራ ሰው ሞቷል ይላሉ ብላ ፈራች፣ ዓይናቸው ላይ ሞራ እየወጣ ነው ብላ እናቷ የነገረቻት ትዝ አላት፣ እሷ እዚህ የሰው አገር ሽማግሌዎች ጠዋት ፊት እያጠበች፣ የጋሼን ዓይን ሐኪም ቤት የሚወስድ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሌላ ነገር ታነሳለች፣ አሁን የምታነሳው የለም። ጥሪው ሲያቋርጥ፣ ሲቀጥል፣ የራሷ ድምፅ ተመልሶ ጆሮዋ ሲገባ፣ በመጨረሻ የጋሼ ድምፅ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ። እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሆንሽን መች አጣሁት። ደህና ነሽ? ዛሬ እሁድ አይደለም።»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነው። ስለ ምርጫ።»

በኢትዮጵያም ምርጫው በዚያው ሳምንት እሁድ ነበር፣ ማዕዶት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ያሰበችው፣ ስለ ምርጫ በስልክ የሚያወራ የለም፣ እንኳን ጋሼ።

«የቱ ምርጫ?» አሉ ቀስ ብለው።

«የአሜሪካው። የድሮው።»

«እእ፣ የአሜሪካው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለእሷ ሳይሆን ለሌላ ጆሮ እንደሚናገር ሰው። «የአሜሪካው ከሆነ እንደ ልብሽ። አሜሪካ ሩቅ ነው፣ ማንንም አይነካም።»

ነገረቻቸው። መጀመሪያ ጽሑፉ ውስጥ እንዳሉ ነገረቻቸው፣ ከዚያ ሲግሪድ ያሏትን፣ አስተካክላ፣ አለስልሳ፣ ዞር ብላ፣ ግን ቃሉን መዝለል አልቻለችም፤ «መምህሬ... ተታለዋል ነው የሚሉት ጋሼ» አለች፣ ፊቷ ሲግል ተሰማት፣ ስልኩ ፊት ባለማሳየቱ ደስ አላት።

«ማን ነው የተታለለው?»

«እርስዎ። ማለት... መራጮቹ ሁሉ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ይኼንን ነገር የት እንደሰማሁት ልንገርሽ» አሉ። «የቀበሌያችን ካድሬ ነበር እንዲህ የሚል። ሰፊው ሕዝብ ተታሏል፣ አልነቃም፣ እናንቃው። ሲያነቃን ሲያነቃን ወንድይራድን አስተኛው። መምህርሽ ደግ ሴት ናት፣ ከካድሬ ጋር አላነካካትም፣ ግን ሰውን ነቅቷል አልነቃም የምትልበት ሚዛን ማን ሰጣት? ቆይ፣ ያን ቀን የሆነውን ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«ነግረውኝ አያውቁም።»

«ምርጫው እሳት አደጋ ጣቢያ ነው። መኪኖቹን አውጥተው ጠረጴዛ ደርድረዋል። ሱፍ ለብሼ ሄጃለሁ፣ ከዘበኝነት ወጥቼ፣ እንቅልፍ የለኝም። አንዲት አሮጊት ስሜን መዝገብ ላይ ፈልጋ አገኘች። ከዚያ እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? እጄን አወጣሁ።»

«እጅዎን?»

«እኔ የማውቀው ምርጫ የቀበሌ ነዋ። እጅ ታወጫለሽ፣ ያላወጣ ይመዘገባል። እጄን አውጥቼ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እከሌን እመርጣለሁ አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በዚያ እንግሊዝኛዬ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሮጊቷ ደንግጣ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ለኔም ቢሆን አትንገረኝ አለች፣ የራስህ ነው። ክንዴን ይዛ መጋረጃ አሳየችኝ። እንግዲህ ማዕዶቴ፣ እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ የራስህ ነው ተብዬ አላውቅም። ስሜ የቀበሌ ነበር፣ ወንድሜ የመንግሥት ነበር፣ ለቅሶዬ እንኳ ፈቃድ ነበረው። መጋረጃው ውስጥ ገባሁና ቆምኩ። ጮክ ብዬ የተናገርኩትን ስም ተውኩት፣ እንደገና ከመጀመሪያው አሰብኩ። ከውጭ እስኪያጉረመርሙ ድረስ ቆምኩ።»

«ምን አሰቡ?»

«ሥራዬን አሰብኩ። የላኦስ እናቶችን አሰብኩ። ያኛው ተፎካካሪው እኮ እውነተኛ ነበር፣ ግብር እጨምራለሁ ብሎ በአደባባይ የተናገረ፣ ለሆዴ የሚሻለኝ እሱ ነው፣ ያንን አላጣሁትም። ይኼኛው ደግሞ ለወንድይራድ ገዳዮች ጠመንጃ ያቀበለውን መንግሥት ክፉ ነው ብሎ በስሙ የጠራ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ቃል ያሳምር ነበር። እንጀራዬን በአንድ በኩል አደረግሁ፣ ወንድሜን በአንድ በኩል። መዘንኩ። ማንም እጄን አልያዘውም። መረጥኩ። ታዲያ የቱ ላይ ነው የተታለልኩ?»

ወጥ ቤት ውስጥ ኤልዳና ማማሰያውን አቁማለች፣ እየሰማች ነው። «ተሳስተውስ ይሆን?» አለች ማዕዶት፣ ይህን ራሷ እንዳለችው አላመነችም፣ በሕይወቷ ለጋሼ እንዲህ ብላ አታውቅም።

«እሱ ሌላ ነው። በወንድይራድ አልተሳሳትኩም። በእናቶቹ ተሳስቻለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዷ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ መምህር፣ ትምህርቱ መቼ ነው አለችኝ። ያንን ያህል ጊዜ ስትጠብቅ ኖራ። መልስ አልሰጠኋትም። እሱንም ጻፊው፣ አታስቀሪው፣ ለኔ ብለሽ አታስቀሪው። የተሳሳተ ሰው ስህተቱ የራሱ ነው። የተታለለ ሰው ግን ስህተትም የለው፣ ስህተቱንም ይወስዱበታል።»

«ፎቶውስ ጋሼ? ለምን ሰቀሉት?»

«ሦስት መንግሥት አይቻለሁ» አሉና ሳል ያዛቸው፣ ሳሉ ሲለቃቸው ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር። «እንቢ ልለው እችል የነበረ እሱ ብቻ ነው። እንቢ ብዬው ማግስቱን ሥራዬ ላይ፣ ቤቴ ውስጥ ማደር እችል ነበር። ሰው የሱ ፎቶ ይመስለዋል።» ከዚያ እንደገና ጮክ ብለው፣ «ስለ አሜሪካ ነው የምናወራው» አሉ፣ ማዕዶትም ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ፣ የጋሼን ሳቅ በስልክ ሰምታው እንደማታውቅ አሰበች። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?» አሏት ከሳቁ ኋላ።

«አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ።»

«ስም የለኝም?»

«እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

«ምን ያስቸግረኛል በዚህ ዕድሜዬ? ሬገን ብሎ ከተማው ሁሉ ጠርቶኛል፣ አንቺ ደግሞ ስደተኛ። ሳህሉ ገብረመድኅን በይ። መጽሐፍ አከራይ። አስተካክለሽ ጻፊ፣ መድኅንን በሃሌታው ሀ እንዳትጽፊው፣ ከፈረንጅኛውም ፊደሉ እንዳይጎድልብሽ።» ከዚያ እናቷን ሊጠሩ ሲሉ መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ጋደም አለች። ሣር ማጨጃው ሄዷል፣ ወይም እሷ መስማት ትታለች። አንድ ነገር ደረቷን እየሞላ ነው፣ ለማልቀስ የተዘጋጀች መስሏት ነበር፣ ልቅሶ አይደለም፣ ኩራት ነው፣ እንደዚህ ያለ ኩራት ይዟት ስለማያውቅ ነው ያልለየችው። በትምህርት ቤት ሰልፍ አንገቷን ሰብራ የቆመችበት ስም ነው ይህ፣ የሬገን ልጅ፣ ለካ ያኔ ቀና ብላ መቆም ይገባት ኖሯል፣ ስለ ሰውየው ብላ አይደለም፣ ሰውየውን አሁንም አትወደውም፣ ያላላውን ብሎን ሁሉ ቆጥራ በምዕራፍ በምዕራፍ አስቀምጣዋለች፣ አንዱንም አታነሳም፤ በመጋረጃው ውስጥ ሰው እስኪያጉረመርም ስለቆመው ዘበኛ ብላ ነው። ደግሞም ያቺ የላኦስ እናት በምዕራፉ ትገባለች፣ መንገድ ላይ ቆማ፣ ትምህርቱ መቼ ነው እያለች፣ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ማለት እኮ በመጨረሻው ይህች ጥያቄ ናት፣ ሦስት ዓመት ባነበበችው ሰንጠረዥ ሁሉ ውስጥ ይህችን የሚያህል አላገኘችም። ሲግሪድ ትዝ አሏት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስለ አባታቸው ነግረዋት ነበር፤ የመርከብ ፋብሪካ በያጅ ነበሩ፣ የቀኙ ማዕበል በኖርዌይም በተነሳበት ዓመት ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን የሠራተኛ ፓርቲ ትተው ለቀኙ ድምፃቸውን ሰጡ፣ ፋብሪካው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዘጋ፣ ከዚያ ብዙም አልቆዩ። ሲግሪድ ይህን ሲናገሩ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ «አታለውት ነው» ብለው ነበር። ያኔ ማዕዶት የሰማችው ትንታኔ ነበር። አሁን ግን የልጅ ድምፅ ሆኖ ተሰማት፤ አባቷን ይቅር ልትል የምትፈልግ ልጅ ያገኘችው ቃል። ተታለለ ማለት ለሲግሪድ ጥፋተኛ አይደለም ማለት ነው። ሴትየዋ በዚያ ቃል አባቷን ትሸፍነዋለች፣ እኔ በዚያው ቃል ጋሼን ላራቁት ነበር፣ አለች ማዕዶት፣ እንዲህ ስትል ደግሞ ሲግሪድን ለመጀመሪያ ጊዜ በልቧ አንቺ ብላ አሰበቻት፣ ንቀት አልነበረበትም፣ እህት እንደሚባለው ነው።

ኤልዳና በሩ ላይ ቆማለች፣ ማማሰያው በእጇ። «ሰማሁ» አለች። «አንተ እላቸው ነበር እኮ። ይቅር ይበሉኝ።» ከዚያ፣ «ቦታውን ከከለከለችሽስ?» አለች።

«ትከልክለኝ።»

«ነሐሴ ነው እኮ ፈቃድሽ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ካልሆነም ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አላት።»

«አንቺ፣ ታስፈሪያለሽ» አለች ኤልዳና፣ እየሳቀች። «በይ ሽሮ ብዪና ተኚ። ነገ ኢሜይል ትልኪላታለሽ።»

ማዕዶት ተነሳች። ኮምፒዩተሯን ከፍታ አራተኛውን ምዕራፍ አወጣች። አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የሚለውን አጠፋችና ሳህሉ ገብረመድኅን ብላ ጻፈች፣ መጽሐፍ አከራይ፤ ከሥሩ የእሳት አደጋ ጣቢያውን፣ የተነሳውን እጅ፣ አሮጊቷን፣ ሚዛኑን፣ መንገድ ላይ የቆመችውን እናት፤ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያ ቃል እንዲገባበት የተተወ ቦታ ነበር፣ እዚያ «መረጠ» ብላ አስገባች፣ አንዴ አነበበችው፣ አልነካችውም። ኢሜይል ለመጻፍ ጀምራ ተወችው። ኢሜይል ለዓይነ አፋር የተሠራ ነገር ነው፣ ትልክና ትደበቃለህ፣ መልሱንም ተደብቀህ ታነባለህ፣ ሲግሪድም አባቷን የሸፈነችበትን ቃል በኢሜይል ልታጣ አይገባትም። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች፣ ጃኬቷን ለበሰች፣ ምዕራፉን በቦርሳዋ አደረገች። ሲግሪድ ዛሬ ከሰዓት ቢሮ እንደምትገባ ታውቃለች። ኤልዳና፣ «ሳትበዪ?» ብትላት፣ «ስመለስ» አለቻት። ባቡር ይዛ ብሊንደርን ልትሄድ፣ አማካሪዋ ፊት ተቀምጣ ገጹን በራሷ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልታነብላት፣ ሲያበቃም ዓይኗን እያየች፣ «ይህ ሰው አጎቴ ነው፣ አልተታለለም» ልትላት ወሰነች።